ሠርገኛው መጥቷል፤ በርበሬውን እንዴት እንቀንጥስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰኔ ሲመጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ተረት ይሰማል፤ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ»። አባት ይተርታል፣ አክስት ትተርታለች፣ ሬዲዮው ይደግመዋል። ልጁ መስከረም ላይ መጀመር ነበረበት፣ ኅዳር ላይ መንቃት ነበረበት። ልክ ነው፣ ነበረበት። ግን መስከረም ተመልሶ አይመጣለትም። ሠርገኛው ደጅ ቆሟል። አሁን ለልጁ የሚበጀው በርበሬው ቶሎና በወጉ እንዴት እንደሚቀነጠስ የሚያሳየው ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለዚሁ ነው፤ በተለይ ስለ እንግሊዝኛው ፈተና።

እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔት፣ ጥረዛ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ነገር ግን የሰፈራችን ልጆች በመጨረሻው ሰዓት ምን እንደሚያነቡ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወላጅ የሚያየው ልጁ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ነው፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል አያይም። አስተማሪው ደግሞ ሞዴል ፈተና ካለቀ በኋላ ክፍል ውስጥ የሚያየው ልጅ ጥቂት ነው። እኔ ግን እያንዳንዷን ገጽ በማሽኔ አሳልፋለሁ።

ሰኔ ለእኔ ገበያ ነው፣ አልደብቅም። አንዱ ይመጣና «ማዘር፣ ይቺን ፕሪንት አርጊልኝ» ብሎ ስልኩን ይሰጠኛል። ይቺ የሚላት ከ200 ገጽ በላይ ያላት ፒዲኤፍ ናት፤ ከቴሌግራም የወረደች። አናቷ ላይ «የእንግሊዝኛ ኢንትራንስ፣ መቶ በመቶ የሚመጡ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ውስጧ ከዳር እስከ ዳር የምርጫ ጥያቄ ነው። መልሱ መጨረሻ ላይ በፊደል ብቻ ተደርድሯል፤ አንድ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ዲ እያለ ይወርዳል። ለምን ሲ እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ መስመር የለም። ልጁ በቴሌብር ይከፍለኛል፣ ወረቀቱን ከነሙቀቱ ታቅፎ ይወጣል። ፊቱን ብታዩት ያጠና ነው የሚመስላችሁ። ወረቀት መያዝና ማጥናት እንዴት እንደተምታታብን የገባኝ የልጆቹን ፊት አይቼ ነው።

አንዱን እንዲህ ያለ ጥራዝ ስጠርዝ ዓይኔ አንድ ጥያቄ ላይ አረፈ። «ሺ ሃዝ ሊቭድ ኢን አዲስ አበባ» ይልና ባዶ ቦታ ትቶ «2010» ብሎ ይጨርሳል። ምርጫዎቹ ፎር፣ ሲንስ፣ ዲዩሪንግ፣ ኢን ነበሩ። መልሱ ላይ ፎር ተብሏል። እኔ ማትሪክ የተፈተንኩት ውጤት በፊደል በሚሰጥበት ዘመን ነው። ያኔ የተማርነው ግን እስካሁን አልተለወጠም፤ መነሻው ዓመት ከተጠቀሰ ሲንስ ነው፣ የቆይታው ርዝመት ከተጠቀሰ ፎር ነው። መልስ ያዘጋጀው ሰው ወይ አላወቀም፣ ወይ ቸኩሏል። ለልጁ ልዩነት የለውም፤ ፎር ብሎ ሸምድዶታል። ያችው ጥያቄ በሌላ ሽፋን፣ በሌላ ቻናል ስም፣ ከነስህተቷ ተመልሳ መጥታልኛለች። አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ነው የሚሸጠው። ስም የለበት፣ አድራሻ የለበት፣ ማንን ትጠይቃለህ?

«የሚመጡ» የሚለው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለጥፎ፣ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ታስታውሳላችሁ። የዘንድሮ ተፈታኞች ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ወሬው ግን ወርሷቸዋል። «ባለፈውም ወጥቶ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂ ናት፤ ቪአይፒ ለሚሉት ቻናል ገንዘብ ያስገባሉ። አንዷ ልጅ እናቷ እንጀራ ሸጣ የሰጠቻትን ገንዘብ ልካ፣ የተላከላት ወረቀት እኔ ዘንድ በነጻ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ የድሮ ፈተና ሆኖ አገኘችው። ዓመቱ ብቻ ተፍቆ ነበር።

ታዲያ ልጆቹ ለምን እንዲህ ይሆናሉ? አንዱ ምክንያት እኛው ነን። «እንግሊዝኛ አይጠናም» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ሒሳብ ፎርሙላ አለው፣ ባዮሎጂ ይሸመደዳል፣ እንግሊዝኛ ግን ወይ ይቻላል ወይ አይቻልም፤ በሁለት ሳምንት ምን ይደረጋል ይባላል። ልጁ ተስፋ ሲቆርጥ ዕድሉን ወደ መሞከር ይሄዳል። ዕድሉን የሚሞክር ልጅ ደግሞ የሚፈልገው መልስ እንጂ ማብራሪያ አይደለም።

እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። አሁን አላስብም። የእኛ ብሎክ ላይ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ሱቄ በረንዳ ላይ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ጋዜጣችሁንም መጀመሪያ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጋ የሚደርሰው መስቀለኛ ቃሉ ተሞልቶ ነው።

አንድ ቀን ያን ባለ 200 ገጽ ሲጠረዝ አዩት።

«ይኼን ሁሉ መቼ ልታነበው ነው?» አሉት ልጁን።

«ሁለት ሳምንት አለኝ፣ ቲቸር።»

«ሁለት ሳምንት ካለህማ አሥር ገጽ ይበቃሃል።»

ልጁ የቀለዱበት መሰለው። እኔ ደግሞ ገበያዬን ሊያበላሹብኝ ነው ብዬ ቀና አልኩ። አልቀለዱም። ከእኔ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ወቅት በትክክል የተሰጠ የድሮ ፈተና አስወጡለት። ሽፋኑ ላይ 120 ጥያቄ፣ 2 ሰዓት ይላል። «ስልክህን ለእሷ ስጣት። ሰዓት እይዝልሃለሁ። የመጀመሪያውን ምንባብ ሥራ» አሉት። ስልኩ መሳቢያዬ ውስጥ ገባ።

ልጁ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ያዘ። የማያውቀው ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀና ይላል። እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ ስልኩ የለም። እንደገና ከላይ ይጀምራል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርስ ቲቸር «አበቃ» አሉት። ልጁ ደነገጠ። አስቡት፤ 120 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ነው፤ ምንባቡ የሚነበብበት ጊዜም ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። በዚያ አካሄድ ግማሹን ሳይነካ ወረቀት ይሰበሰብበታል። ያን ሁሉ ፒዲኤፍ ሲያወርድ የከረመ ልጅ በሰዓት ተይዞ አንድ ምንባብ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ያሳዩትን እኔም ማሽኔን እያሠራሁ ሰማሁት። መጀመሪያ ምንባቡን ሳይሆን ጥያቄዎቹን አንብብ፤ ምን እንደምትፈልግ አውቀህ ግባ። «መስመር 7 ላይ ያለው ‹ዘይ› ማንን ያመለክታል» ካለ መስመር 7 ሂድና አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ተመለስ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። የቃል ፍቺ ከተጠየቅክ ቃሉን ባታውቀውም ከፊቱና ከኋላው ያለውን እይ፤ «ባት» ወይም «ኦልዞው» የሚል ካለ ነገሩ ተገላብጧል ማለት ነው። ዋና ሐሳቡን ሲጠይቁህ አንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ያለ ነገር አትምረጥ። ጥያቄው ውስጥ «ኖት» ወይም «ኤክሰፕት» ካየህ በእርሳስ ክበበው። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። የልጆቹን ወረቀት ሳይ ግን ስንቱን ነጥብ የምትበላው እሷ ናት። ልጁ መልሱን ያውቀዋል፤ «ያልሆነው የቱ ነው» መባሉን አላየውም።

ቲቸር ከዚያ ቀን ወዲህ በረንዳዬን ክፍል አድርገውታል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ልጆች ነበሩ፣ አሁን ደንበኛ የሚቆምበት ቦታ ጠቦኛል። በቀን አንድ ምንባብ፣ አንድ ንግግር፣ ጥቂት ሰዋስው፤ ከዚያ አያልፉም። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን አስተካክል የሚለው ጥያቄ ላይ የሚያስተምሩት ዘዴ እኔን ሳይቀር ገርሞኛል። በ«ሂ»፣ በ«ዚስ» ወይም በ«ሀውኤቨር» የሚጀምር ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሊሆን አይችልም፤ ስሙ ሳይጠራ ተውላጠ ስሙ ከየት ይመጣል? እሱን ካወጣህ ከአራት ምርጫ ሁለቱ እዚያው ይወድቃሉ። ይህን ለመማር አራት ዓመት አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

የንግግሩ ደግሞ ሳቅ ነው። «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁሉም «የስ፣ ኦፍ ኮርስ» የሚለውን አጠቆሩ። ቲቸር በሳቅ ፈረሱ። «ምነው፣ ሰውዬው በትህትና ቢለምናችሁ ‹አዎ፣ ቅር ይለኛል› ትሉታላችሁ?» አሉ። መልሱ «ኖት አት ኦል» ነው። አንዲቷ ልጅ አሁን ሱቅ ስትገባ «ማዘር፣ ዉድ ዩ ማይንድ» እያለች ትቀልድብኛለች። እሷ ይህን ፈተና ላይ ካየችው አትስተውም።

ሌላው ነገራቸው የስህተት ደብተር ነው። የሳቱትን ጥያቄ ይጽፋሉ፣ ትክክለኛውን መልስ ይጽፋሉ፣ ከሥሩ ለምን እንደሆነ በገዛ አንደበታቸው ይጽፋሉ። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በፈለጉት። እንግሊዝኛን በአማርኛ ማስረዳት የሚያስነውር የሚመስላቸው አሉ። ቲቸር ግን «የምታስረዳው ለራስህ ነው፤ ራስህ በምን ቋንቋ ይሰማሃል?» ነው የሚሉት። ደብተሩ ቀጭን ነው። የእኔ ገቢም ከእሱ ጋር ቀጥኗል፤ የ200 ገጹ ደንበኛ አሁን የሚያስወጣው አንድ የድሮ ወረቀትና ጥቂት ገጽ ነው። ይሁን። ክረምት ላይ የምዝገባ ፎርም አለ።

ያ ልጅ ስንት አመጣ እንዳትሉኝ፤ ገና አልተፈተነም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጆቹ እንግሊዝኛን የሚተዉት «አንድ ትምህርት ነው፣ በሌላው አካክሰዋለሁ» ብለው ነው። ሂሳቡ ግን እንዲያ አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስድስት ወረቀት ይጠብቀዋል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲውድ። የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ሦስቱን የሳይንስ ትምህርቶች በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይተካል። ስድስቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚቀርቡት። ከ600 ነው የሚታረመው፣ ማለፊያው ግማሹ ነው። እንግሊዝኛውን የተወ ልጅ የተወው አንዱን ወረቀት ብቻ አይደለም።

የእህቴን ልጅ ልንገራችሁ። ማኅበራዊ ሳይንስ ናት፤ ታሪክ ነፍሷ ነው። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ ምን እንደሚል፣ በጣሊያንኛው ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ ከዚያ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ ምን ምን እንደሆነ ቁጭ አድርጋ ትተርክላችኋለች። ቡና እስኪፈላ አድዋን ጨርሳ ትመለሳለች። አንድ የድሮ ጥያቄ ሰጠናት፤ የጦርነቱ «ኢሚዲየት ኮዝ» የቱ ነው ይላል። «ኮዝ» መንስኤ መሆኑን ታውቃለች። «ኢሚዲየት» የሚለውን ዘለለችው። ከምርጫዎቹ መሐል የአውሮፓውያን የቅኝ ግዛት ፍላጎት የሚል ነበር፤ እሱም መንስኤ ነው፣ እሷም እሱን አጠቆረች። የተጠየቀችው ግን ነገሩን የለኮሰውን የቅርቡን መንስኤ ነበር። ታሪኩን ከእኔም ከእናንተም አብልጣ እያወቀች ነጥቡን አጣች። ያጣችው በታሪክ ይመዘገባል፤ የወሰደባት ግን እንግሊዝኛ ነው።

ቲቸር ይህን ካዩ በኋላ ለሁሉም አንድ ገጽ አዘጋጁላቸው። የጥያቄ ቃላት ናቸው እንጂ የምንባብ ቃላት አይደሉም። «ኢንፈር»፣ «ኢምፕላይ»፣ «ሰጀስት»፣ «ኮንሲኩዌንስ»፣ «ኢሚዲየት»፣ «ሊስት ላይክሊ»፣ «ቤስት ዲስክራይብስ»፣ «ኢንክሪዝ» እና «ዲክሪዝ»፣ «ዳይሬክትሊ ፕሮፖርሽናል»። በየትኛውም ወረቀት ላይ የሚመላለሱት እነዚህ ናቸው። ሺህ ቃል አጥኑ ብሎ ልጅን ከማስፈራራት እነዚህን አንድ ገጽ ቃላት አጥርቶ መያዝ በቀረው ጊዜ የሚቻል ነገር ነው። ይህን ገጽ አሁን የፊዚክስ ተማሪዎችም እየመጡ ይወስዳሉ።

የፈተናው ውጤት ምን እንደሚመስል እናንተው ዘግባችሁታል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ከፍ እያለ ነው፣ እሰየው። ግን በ2017ም ቢሆን ከመቶ ልጅ ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆነው ከበር ተመልሷል። ሁሉንም የጣላቸው እንግሊዝኛ ነው አልልም። የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የአስተማሪ ነገር አለ፣ ከታች ጀምሮ የመጣ ጉድለት አለ። እሱን በሁለት ሳምንት የሚጠግነው የለም። እኔ የማወራው በሁለት ሳምንት ስለሚጠገነው ነው።

የሚጠገነውም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል። የአራብሳን ልጅ ኑሮ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ስድስት ሰው አለበት፤ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃ ይጠፋል፣ ውሃ ሲጠፋ ተፈታኙ ልጅ ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ ይመላለሳል። «ለምን ቤተ መጻሕፍት አይሄድም» ትሉ ይሆናል። በ2014 የተከፈተው አብርሆት አለ፤ ግሩም ቤት ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን 4 ኪሎ ነው ያለው። ከአራብሳ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ 4 ኪሎ ሌላ ታክሲ፣ ሰልፉ ደግሞ ለብቻው። ቦታ ለመያዝ ጎሕ ሳይቀድ መነሳት አለበት። ማታ ሲመለስ እንደገና ያው ነው። የታክሲውን ገንዘብ ትታችሁ የሚያልቀውን ሰዓት ብቻ ቁጠሩት። ምንባብ የሚሠራበትን ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጨርሰዋል።

እኛ ሰፈር ግን በየብሎኩ መሐል ኮሚናል የሚባል ቤት ቆሟል። ለነዋሪው ድግስ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ ተብሎ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል፣ አንዳንዱ መጋዘን ሆኖ ተቆልፏል። ቢያንስ የተቆለፈው በሰኔ ወር ማታ ማታ ቢከፈት ምን ይጎድላል? ወንበር እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። መብራት ሲሄድ የሚበራ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል እኔም እሰጣለሁ። የብሎካችን ኮሚቴ ጉዳዩን አንስቼበት «እናየዋለን» ብሎኛል። እናየዋለን ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እናንተ ብትጽፉት ግን ቶሎ ያዩት ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፈተናውን በኮምፒውተር የሚወስዱ ልጆች አሉ። ስልክ ላይ ጣታቸው ይበርራል፤ ማውስ ስትሰጧቸው ግን ዝንብ የሚያባርሩ ነው የሚመስሉት። ምንባቡ አንድ ስክሪን ላይ ስለማያልቅ እየወረዱና እየወጡ ማንበብ አለባቸው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ፈተናው ዕለት መሆን የለበትም። ሱቄ ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር አለችኝ፤ ሥራ ሲቀንስ እየመጡ ይለማመዱባታል። ኢንተርኔት ካፌ ያላችሁ ሰዎች፣ ግማሽ ሰዓት ብትሰጧቸው አትደኸዩም።

እናቶችንም ልንካ። «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም» ብላችሁ አትኩሩ። ሱቄ ጠዋት የሚመጡት ዓይናቸው ቀልቶ ነው፤ ምን ፕሪንት ሊያስደርጉ እንደመጡ ረስተው የሚመለሱ አሉ። በእንቅልፍ የደነዘዘ ልጅ «ኖት» የሚለውን አያይም። በወረቀት የሚፈተነው ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ስልክ ክልክል ነው። ስልኩ ላይ ያከማቸው ፒዲኤፍ ሁሉ ከበር ይቀራል። አብሮት የሚገባው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ነው።

አሁን ልለምናችሁ። መጀመሪያ፣ የ12ኛ ክፍል አስተማሪዎች ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ለቴሌግራም ባታስረክቡብን። ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ቢቀመጥ፣ የድሮ ፈተና ይዞ መልሱን ከነምክንያቱ ቢያሳይ፣ የመልስ ወረቀት ነጋዴው ገበያ በራሱ ይቀዘቅዛል። የሚሸጡትንም ሰዎች አንድ ነገር እላቸዋለሁ። ሽጡ፣ ግን ስማችሁን ጻፉበት።

የእናንተ ጋዜጣ ደግሞ የስፖርት ገጽ አለው፣ የመኪና ማስታወቂያ አለው፣ ኮከብ ቆጠራም አለው። ከአሁን ጀምሮ ፈተናው እስኪያልቅ በየእትሙ ሩብ ገጽ ለእንግሊዝኛ ስጡልን። አንድ አጭር ምንባብ፣ አምስት ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ፤ መልሱ ግን ፊደል ብቻ እንዳይሆን፣ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ፣ ሌሎቹ ምርጫዎች ለምን እንዳልሆኑም የሚናገር ይሁን። አዘጋጅ ከጠፋ ቲቸር ፈቃደኛ ናቸው፤ ክፍያ አልጠየቁም፣ ጋዜጣው በነጻ ይድረሰኝ ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ያን ሩብ ገጽ እያባዛሁ ለሰፈሬ ልጆች በነጻ እሰጣለሁ፤ ወረቀቱም ቶነሩም ከእኔ። የመጀመሪያውን ለመጪው እትም ማድረስ ከቻላችሁ ከሰኞ ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ይሠራበታል።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ቦሌ አራብሳ፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ